ነጮቹ ሲያንሱ ሪፐብሊካን ፓርቲ ያልቅለታል ተብሎ አልነበር? ታዲያ ምነው?

ጣና_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ዲቪ በሚሞላበት ሰሞን ወንበር አይገኝም። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ እግረ መንገዴን ወሬ እለቃቅማለሁ። ከወሬው ሁሉ የማይጠፋ አንድ አለ። «ሪፐብሊካኖቹ እኛን አይፈልጉንም። ግን ግድ የለም፤ ነጩ እያነሰ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ፓርቲው ራሱ ያልቅለታል።» ይህን የሚለው ሰው የትውልድ ቦታ ሲሞላ ዳንግላ ወይም መራዊ ነው የሚያስጽፈኝ። ስለ ኦሃዮ መራጭ ግን እንደ ጎረቤቱ ያወራል። (አይፈረድበትም፤ ዕጣው ያለው እዚያ ነው።)

እኔም አምኜው ነበር የኖርኩት፤ ቁጥሩ ያሳምናላ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1988 የሪፐብሊካን እጩው ትልቁ ቡሽ ከነጭ መራጮች 59 በመቶ ገደማ አገኘ። 40 ግዛት ጠራርጎ ወሰደ። በ2012 ሚት ሮምኒም ከነጮቹ ያንኑ 59 በመቶ አገኘ። እሱ ግን በኦባማ ተሸነፈ። ቡሽ 426 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ (በየግዛቱ ተከፋፍሎ ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው ድምፅ) ሰብስቦ ነበር፤ ሮምኒ 206። ምን ተለወጠ? በ1988 ከመራጩ 85 በመቶ ያህሉ ነጭ ነበር፤ በ2012 ግን 72 በመቶ።

ራሳቸውም ደንግጠው ነበር። በማርች 2013 ፓርቲው 100 ገጽ ገደማ የሆነ ሪፖርት አወጣ። ጋዜጠኞቹ «የአስከሬን ምርመራ» እያሉ ይጠሩታል። ምክሩ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ላቲኖዎችን (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆኑትን) አቅርቡ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ እንዲሻሻል ደግፉ። ብዙም ሳይቆይ ትራምፕ መጣ። የተመከረውን ገልብጦ ሠራ። አሸነፈ። በ2020 ተሸነፈ። በ2024 ደግሞ በጠቅላላ የሕዝብ ድምፅም በልጦ ተመለሰ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ትንቢቱ የት ላይ ነው የተበላሸው? ወይስ ጊዜው ገና ነው?

---

ባለባጃጁ፦

ዲቪ ይዘጋል አይዘጋም? እሱን ንገሩኝና ሌላውን እናንተ ተከራከሩ።

---

ጣና_ዳር፦

@ባለባጃጁ ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ፎርም ሞይ ነኝ እንጂ ኮንግረስ አይደለሁም። አንድ የሚገርም ነገር ግን ልንገርህ። ዲቪን የፈጠረው የ1990 ሕግ ላይ የፈረመው ትልቁ ቡሽ ነው፤ ሪፐብሊካን። በ2017 ዲቪ ይቅር ያለው ትራምፕ ነው፤ እሱም ሪፐብሊካን። አንድ ፓርቲ ነው ሁለቱንም የሠራው።

---

መምህር_ጡረተኛ፦

ልጄ ጣና ዳር፣ ፓርቲን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ ካየኸው ያሳስትሃል። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰድህ። ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ትታገሡኛላችሁ።

ሪፐብሊካን ፓርቲን በ1854 ያቆሙት ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች አይስፋፋ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሊንከን የዚህ ፓርቲ ሰው ነው። ከባርነት የወጣው ጥቁር ድምፅ መስጠት ሲፈቀድለት ለማን ይስጥ? ለሊንከን ፓርቲ ነዋ። ደቡቡ ነጭ ደግሞ በዚያው ቂም ዴሞክራት ሆኖ ቀረ። አባት ዴሞክራት ነው፣ ልጅ ዴሞክራት ነው፣ አለቀ። በዚያ ዘመን ለአንድ የሚሲሲፒ ገበሬ «የልጅ ልጅህ ሪፐብሊካን ይሆናል» ብትለው ውሻ ይለቅብህ ነበር።

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥራና ዳቦ ይዞ ሲመጣ ጥቁሩ መራጭ የሊንከንን ውለታ አስቀምጦ ወደ ዴሞክራቶቹ ተሻገረ። በ1964 የሲቪል መብት ሕጉን ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ፈረመ። የዚያ ዓመት የሪፐብሊካን እጩ ጎልድወተር ደግሞ በሴኔት ሕጉን ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ያኔ የጥቁሩ ነገር ለይቶለት ተቆረጠ። ደቡቡ ነጭም ቀስ በቀስ በተቃራኒው በር ወጣ። ሁለቱ ፓርቲዎች ስማቸውን እንደያዙ ሰው ተለዋወጡ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1960 ኬኔዲን ከካቶሊኮቹ 78 በመቶ ያህሉ መረጡት። ያኔ አይሪሽና ጣሊያን ማለት የዴሞክራት ማኅተም የታተመበት ማለት ነበር። ዛሬ ነጭ ካቶሊኩ አብዛኛው የሚመርጠው ሪፐብሊካን ነው። የስደተኛ ልጅ ልጅ ቤት ገዛ፣ ግብር መክፈል መረረው፣ ሰፈር ቀየረ። ፓርቲም ቀየረ።

ስለዚህ «ሕዝቡ ተቀየረ፣ ፓርቲው ሞተ» የሚለው ሒሳብ ሰውየው በገባበት ፓርቲ ውስጥ ይሞታል ብሎ ነው የሚነሳው። ሰው እንዲያ አይደለም።

---

የፔዳዋ፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ሶሲዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የጣና ዳር ቁጥር ላይ አንድ ነገር ልጨምር።

የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በ2018 ባወጣው ትንበያ ነጩ ከግማሽ በታች የሚሆነው በ2045 ገደማ ነው ብሏል። በ2020 ቆጠራ ሂስፓኒክ (ላቲኖ ማለት ነው) ያልሆነው ነጭ 57.8 በመቶ ነበር። ጥሩ። ግን ማን እንዴት እንደተቆጠረ ተመልከቱ። አባቱ ነጭ፣ እናቱ ሜክሲኳዊት የሆነ ልጅ ሂስፓኒክ ነኝ ካለ ከነጮቹ ወገን አይቆጠርም። አባቱ ነጭ፣ እናቱ ኮሪያዊት የሆነውም ቅልቅል ይባልና ይወጣል። እነዚህ ልጆች አያታቸው ቤት እሑድ ምሳ የሚበሉ፣ እንደ ጎረቤታቸው የሚኖሩ፣ እንደ ጎረቤታቸውም የሚመርጡ ናቸው። ቆጠራው ግን በአንድ ወገን ደምሯቸው «ነጭ ያልሆነ» ይላል። ከዚያ ፖለቲከኛው ያችን ቁጥር ያነሳና «የእኔ ድምፅ» ይላታል።

ትንቢቱ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዘር ዓምዱን አይተው የድምፁን ዓምድ ሞሉ።

ስታር ካውንቲ የሚባል ቦታ አለ። ቴክሳስ ውስጥ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር፣ ከማዶ ሜክሲኮ ነው። ነዋሪው 97 በመቶ ገደማ ሂስፓኒክ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 79 በመቶ አካባቢ አገኘች። በ2024 ትራምፕ አሸነፈ። ሪፐብሊካን እጩ እዚያ ሲያሸንፍ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያው ነው! ከ1892! አፄ ምኒልክ ገና ዓድዋ አልዘመቱም።

እዚያ ያለው ሰው ደግሞ ትናንት ድንበር የዘለለ አይደለም። ብዙው ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ ነው። አንዱ ልጅ ድንበር ጠባቂ ነው፣ ሌላው ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ይሠራል፣ እናትየው ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። የእንቁላልና የቤንዚን ዋጋ ሲሰቀል «አንተ ላቲኖ ነህ፣ የእኛ ነህ» ማለት ምን ያደርግለታል?

---

ዘጌ_ቡና፦

ቀስ በሉ። ሁላችሁም ትንቢቱን ቀበራችሁት። እኔ ደግሞ ካሊፎርኒያን ላንሳ።

ካሊፎርኒያ ዛሬ የዴሞክራት ርስት ትመስላለች። ግን ከ1952 እስከ 1988 ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ከ1964 በቀር፣ ሁልጊዜ ለሪፐብሊካን ነው የሰጠችው። ኒክሰን የዚያ ልጅ ነው። ሬገን እዚያ አገረ ገዥ ነበር። ከዚያ 1994 መጣ። ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን ምርጫው ጠቦት ነበር። «ፕሮፖዚሽን 187» የሚባል ሕዝበ ውሳኔ ላይ ሙጭጭ አለ። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት አያስገባ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሕክምና አያግኝ የሚል ነው። 59 በመቶ ደግፎት አለፈ። ዊልሰንም ተመረጠ። ሕጉን ፍርድ ቤት አገደው።

ከዚያስ? ግሪን ካርድ ይዞ ዓመታት ዝም ብሎ የኖረው ላቲኖ ደነገጠ። ዜግነት ለመውሰድ ተሰለፈ። ለምርጫ ተመዘገበ። ልጁ ደግሞ ያችን ምርጫ በቴሌቪዥን እያየ አደገ። ከ1988 ወዲህ አንድም የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ካሊፎርኒያን ወስዶ አያውቅም። በግዛት ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፉት በ2006 ነው፣ እነ ሽዋርዜኔገር። ዊልሰን ያችን አንድ ምርጫ በላ፣ ፓርቲው እስከ ዛሬ ሒሳቡን ይከፍላል።

ስለዚህ የፔዳዋ፣ እህቴ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይገድልም ያልሽው ልክ ነው። ቁጥሩና ስድቡ ሲገናኙ ግን ይገድላል።

---

የፔዳዋ፦

@ዘጌ_ቡና ጥሩ አነሳህ፤ ግን በአንድ ሕግ ብቻ አትጨርሰው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ደቡብ ካሊፎርኒያ ያለው የአውሮፕላንና የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ። ሪፐብሊካን የሚመርጠው ባለሙያ ጓዙን ጠቅልሎ ኔቫዳና አሪዞና ገባ። የሚመጣውም የሚሄደውም ተደምሮ ነው።

---

ዘጌ_ቡና፦

እሱንስ አልካድኩም። ግን ቴክሳስን እይ። ትንሹ ቡሽ እዚያ አገረ ገዥ ሆኖ በዚያው ዘመን ስፓኒሽ እየተኮላተፈ ሰርግ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። በ2004 ከላቲኖ ድምፅ 40 በመቶ አካባቢ አገኘ። ተመሳሳይ ሕዝብ፣ ተመሳሳይ ፓርቲ፣ የተለያየ አፍ።

---

ባለባጃጁ፦

አፍ ሲያምርማ ተሳፋሪም አይከራከርም።

---

ሽምብጥ_አሌክሳንድሪያ፦

ከወዲህ ማዶ ሰላም እላለሁ። የሽምብጥ ልጅ ነኝ፤ አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ዜግነት ወስጃለሁ፤ እመርጣለሁ። ስለ ላቲኖ ስታወሩ እኔ ስለ እኛው ላውራ፤ ነገሩ ሁሉ እኛ ላይ ደርሷል።

በኦክቶበር 2020፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወራ ግብፆች ግድቡን ማፈንዳታቸው አይቀርም አለ። ጋዜጠኛ ፊት! እኔ አባይን ከጣና ሲወጣ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ታክሲ እየነዳሁ ነበር፤ መኪናውን ዳር አቁሜ ደግሜ ሰማሁት። እዚህ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ተናደደ። ለባይደን ድምፅ ለመስጠት ሌላ ምክንያት አላስፈለገንም።

አንድ ዓመት ሳይሞላ ሁሉ ነገር ተገለበጠ። የሰሜኑ ጦርነት ላይ የባይደን መንግሥት የያዘውን አቋም ብዙው የእኛ ማኅበረሰብ እንደ በደል ቆጠረው። (ሁሉም አይደለም፤ የትግራይ ወንድሞቻችን በሌላ ዓይን ነው ያዩት፣ እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ።) ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድል) እንደምትወጣ የተነገረው በኖቬምበር 2፣ 2021 ነው። ያ ቀን ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋን የምትመርጥበት ቀን ነበር፣ እመኑኝ። ዴሞክራቱ ማኮሊፍ፣ ሪፐብሊካኑ ያንግኪን።

ቀደም ብሎ ባሉት ሳምንታት ከቅዳሴ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ «ድምፃችሁን ለያንግኪን» የሚሉ የእኛው ልጆች ቆመው ወረቀት ያድሉ ነበር። ነጠላ የለበሱ እናቶች ወረቀቱን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከመጽሐፋቸው ጋር ያጥፉታል። ዕድሜ ልካቸውን ዴሞክራት የመረጡ ናቸው። ያንግኪን በ63 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። ሐበሻ ነው ያሸነፈለት የሚሉ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ 63 ሺህ ብዙ ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ስልክ መደወል ጀመሩ። ከዚያ በፊት የሚፈልጉን ለክትፎ ብቻ ነበር።

ቤታችንን ብታዩት ደግሞ ሪፐብሊካን ነው። ይጾማል፣ ጽንስ ማስወረድን አይደግፍም፣ ልጁን ይቆጣል፣ የራሱን ሱቅ ይከፍታል፣ ግብር ያማርራል። ለምን ዴሞክራት ይመርጣል ታዲያ? ያኛው ፓርቲ ዓይኑን ስለማይወደው ነው። «እነሱ አይፈልጉንም» ከሚለው ስሜት ሌላ በመሀል የቆመ ነገር የለም። ያችን ስሜት ያነሱ ዕለት ግማሻችን እንሄድላቸዋለን። አላነሷትም። በ2017 የዲቪ ወሬ፣ የሌላውም ወሬ አለ፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

---

መምህር_ጡረተኛ፦

የሽምብጥ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ያልኩትን አንተ ከቤትህ አመጣኸው። እናትህ ደህና ናት? ሽምብጥ የየትኛው ወገን ነህ?

---

ሽምብጥ_አሌክሳንድሪያ፦

ደህና ናት ጋሼ፣ ተመስገን። ከአሳ አስጋሪዎቹ ወረድ ብሎ ነው። ሌላውን በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

---

ሰባታሚት፦

አንድ የተረሳ ነገር አለ። ሁላችሁም «ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» ብላችሁ ነው የምታወሩት። አሜሪካ እንዲያ አይደለም።

ከ1992 እስከ 2020 ስምንት የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደርጓል። በጠቅላላ የሕዝብ ድምፅ ሪፐብሊካን የበለጠው አንዴ ብቻ ነው፤ በ2004። ሰባቱን ተበልጧል። ግን ከስምንቱ ሦስቱን ዋይት ሐውስ ገብቷል። በ2000 እና በ2016 በድምፅ አንሶ በኤሌክቶራል ኮሌጅ አሸነፈ። ሴኔት ደግሞ ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ወንበር ነው። ዋዮሚንግ 577 ሺህ ሰው ገደማ ይዛ ሁለት፤ ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ተኩል ይዛ ሁለት። ገጠር ያለው ነጭ መራጭ ቁጥሩ ቢያንስም ወንበሩ አይቀንስም።

ደግሞ ሰው ይንቀሳቀሳል። ከ2020 ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ ሁለት የኮንግረስ ወንበር ጨመረች። ካሊፎርኒያ አንድ ወንበር አጣች፤ በታሪኳ የመጀመሪያው ነው። ኪራዩ አስመርሮት ከሎስ አንጀለስ ዳላስ የገባ ሰው ቆዳው ምንም ይሁን ምን ወንበሩን ይዞ ነው የሄደው።

ስለዚህ «የሕዝብ ስብጥር ገደለው» ለማለት መጀመሪያ የት ያለ ሕዝብ እንደሆነ ንገሩኝ።

---

ጣና_ዳር፦

@ሰባታሚት ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ለፓርቲው ጥሩ ነው ትላለህ? በትንሽ ድምፅ ማሸነፍ የለመደ ሰው ብዙውን ለማግኘት ይደክማል?

---

ሰባታሚት፦

አይደክምም። 2013 ላይ ያ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ የገባው ለምን ይመስልሃል? በዚያው ዓመት ሴኔት የኢሚግሬሽን ማሻሻያውን 68 ለ32 አሳልፎት ነበር። የታችኛው ምክር ቤት በሪፐብሊካኖች እጅ ነው፤ ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። የብዙዎቹ ሪፐብሊካን እንደራሴዎች ወረዳ አብዛኛው ነጭ ነው፤ የሚፈራው የራሱን ፓርቲ ሰው ነው። ለፓርቲው የሚበጀውና ለእንደራሴው የሚበጀው ለየቅል ሆነ።

---

ቤዛዊት፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አሜሪካ ሰለቸኝ። ስለ ራሳችን አናወራም? ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምለው። ያኔ 73.9 ሚሊዮን ነበርን። ዛሬ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከሃያ ዓመት በታች ነው። ደርግ ሲወድቅ አልተወለደም። ኢህዴን በ1973 ጫካ ተመሠረተ፣ በ1986 ብአዴን ሆነ፣ በ2011 እዚሁ ከተማችን ተሰብስቦ አዴፓ ሆነ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ፓርቲዎች ቢሆኑ የሚያወሩት ትናንት የት እንደነበሩ ነው። ለሃያ ዓመት ልጅ የትግል ታሪክ ሥራ አይሆነውም። የእኛ «የሕዝብ ስብጥር ለውጥ» ዘር ብቻ አይደለም፣ ዕድሜ ነው! ይሄ ልጅ ኮፒ ቤት ተሰልፎ ዲቪ ይሞላል፣ ፓርቲዎቹ የአባቱን ጥያቄ ይመልሱለታል።

---

ባለባጃጁ፦

ይሄ ነው ወሬ።

---

አወያይ፦

ቤዛዊት፣ ያነሳሽው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አልሰረዝኩትም። ግን የአገር ውስጥ ፓርቲዎች ነገር የራሱ ክር አለው፤ እዚያ ቀጥዪው። ከዚህ በፊት እዚህ ተጀምሮ ወዴት እንደሄደ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ስለ ሪፐብሊካን ፓርቲው እንቀጥል።

---

ቤዛዊት፦

እሺ። ግን ዕድሜን ከዚህም አታውጡት። እዚያስ ወጣቱ?

---

የፔዳዋ፦

@ቤዛዊት እታለም፣ እዚያም ዕድሜ አለ፤ ከዕድሜም በላይ ግን ትምህርት ሆኗል። ድሮ ዲግሪ ያለው ሪፐብሊካን፣ የቀን ሠራተኛው ዴሞክራት ነበር። አሁን ተገልብጧል። ዌስት ቨርጂኒያን ውሰጂ፤ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አገር ነው። በ1988 የዴሞክራት እጩው ዱካኪስ አገር ሙሉ ሲሸነፍ እንኳ እሷ ለእሱ ሰጥታ ነበር። ከ2000 ጀምሮ ሪፐብሊካን ናት፣ አሁንማ ከጠንካሮቹ አንዷ። ሕዝቧ አልተቀየረም፤ ያው ነጭ፣ ያው ማዕድን ቆፋሪ፣ ያው ልጁ። የተቀየረው የትኛው ፓርቲ የደመወዝተኛው ነው የሚለው ነው።

ያው ነገር ነው ቀስ ብሎ ወደ ላቲኖው የደረሰው። የላቲኖ ድምፅ ለሪፐብሊካን፣ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ በተጠየቁት መሠረት፣ በ2012 27 በመቶ፣ በ2016 28፣ በ2020 32፣ በ2024 46 ነው። መጀመሪያ የሄዱት ዲግሪ የሌላቸው ወንዶች ናቸው። እንደ ላቲኖ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ነው የሄዱት።

---

ዘጌ_ቡና፦

ይሄን ከተቀበልን ደግሞ የመጣ ድምፅ ተመልሶም ይሄዳል። እንደ ሠራተኛ የመጣ፣ የእንቁላል ዋጋ ካልወረደለት እንደ ሠራተኛ ይወጣል። ልጁን ወይ ጎረቤቱን ከሥራ ቦታ ሲያፍሱበት ደግሞ እንደ ላቲኖ ይወጣል። ሁለት በር ነው ያለው።

---

ሽምብጥ_አሌክሳንድሪያ፦

@ዘጌ_ቡና ወጥቷልኮ። በኖቬምበር 2025 ቨርጂኒያ መረጠች። ዴሞክራቷ ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ አሸነፈች፤ በግዛቷ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆነች። ያንግኪን ካሸነፈ አራት ዓመት ነው! ያኔ ወረቀት ካደሉት ልጆች አንዱን በቀደም ነዳጅ ማደያ አገኘሁት። ማንን መረጥክ አልኩት። «ዘንድሮ አልጠየቅህም፣ አትጠይቀኝ» ብሎ ሳቀ።

እዚህ አካባቢ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። በ2025 ሥራ የተቀነሰበት ሰው በየቤቱ አለ። ሐበሻውም ቢሆን ሕንፃ ጠባቂ ነው፣ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቢሮ ያጸዳል፤ ቢሮው ባዶ ሲሆን እሱም አብሮ ይቀነሳል። ስለ ዘርና ስለ ቆዳ ያላወራ ሰው ሁሉ ስለዚህ አወራ።

---

መምህር_ጡረተኛ፦

እንግዲህ ጣና ዳር፣ መልስህን ከዚህ ውሰድ። እዚያ አገር አንድ ማኅበረሰብ በ2020 ወዲያ፣ በ2021 ወዲህ፣ በ2025 ተመልሶ ወዲያ ከሄደ የ2045ን ነገር በወረቀት ላይ ማን ይጨርሰዋል?

---

ጣና_ዳር፦

ገብቶኛል ጋሼ። ግን ፓርቲው ራሱ ምን እየሠራ ነው የሚለው አሁንም ይከነክነኛል። እንዲሁ እስኪመጡለት ይጠብቃል? የሚያውቅ ካለ።

---

ሰባታሚት፦

አይጠብቅም፤ ተወራርዷል። በ2025 ቴክሳስ የኮንግረስ ምርጫ ካርታዋን ቆጠራ ሳይደርስ፣ በመሀል ዘመን፣ እንደገና ሠራች። ሐሳቡ ለሪፐብሊካን አምስት ወንበር መጨመር ነው። ካሊፎርኒያም በብድሩ ካርታዋን በሕዝበ ውሳኔ ቀየረች፤ አምስቱን ለዴሞክራት ለመመለስ። የቴክሳሱ ነገር ግን ለዚህ ክር የሚጠቅም ነገር አለው። ሪፐብሊካኖቹ ለራሳችን ይሆናሉ ብለው ከሠሯቸው አዲስ ወረዳዎች ውስጥ ላቲኖ የሚበዛባቸው አሉ፤ ደቡብ ቴክሳስ ያሉት። የ2024ቱን ድምፅ አይተው «ይሄ ሰው ከእኛ ጋር ነው» ብለው መስመር አሰመሩ።

ልብ በሉ፤ 2013 ላይ ላቲኖን ለማግኘት ምን እናድርግ እያለ ሪፖርት የሚጽፍ ፓርቲ ነበር። አሁን ላቲኖው እንዳለው ቆጥሮ ካርታ ይሥላል። ዴሞክራቶቹ ሃያ ዓመት የሠሩትን ያንኑ ነው የደገመው። ስታር ካውንቲ በ2024 እንደመረጠችው ከመረጠች ሊቅ ይባላሉ። ወደ 2016 ከተመለሰች ግን በገዛ እጃቸው የሳሉት ወረዳ ይበላቸዋል።

---

ዘጌ_ቡና፦

መቼ ነው የሚታየው?

---

ሰባታሚት፦

ኖቬምበር 3፣ 2026። ሙሉው ታችኛው ምክር ቤት ይመረጣል።

---

ባለባጃጁ፦

እሺ፤ እስከዚያ ዲቪ ከተከፈተ ለእኔ ሙላልኝ ጣና ዳር። ፎቶውን ግን እንዳምናው ዓይኔን ጨፍኜ እንዳታነሳኝ።

---

ጣና_ዳር፦

@ባለባጃጁ አምና የጨፈንከው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ና፣ በነፃ ነው።